ርካሽ ምግብ ቤቶችን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅ ልጆች ኑማ

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሽሮው በጣባ እየተንተከተከ የሚመጣበት፣ ዱካው ከማነሱ የተነሳ ጉልበትህ አገጭህ ጋ የሚደርስበት፣ ሜኑ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ልጅቷ «ሽሮ ምስር በያይነት ፓስታ በእንጀራ ቅቅል ፍርፍር» ብላ ሳትተነፍስ የምትጨርስበት ቤት አለ አይደል? እሱን ቤት ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? «ምግብ ቤት» እንዳትሉኝ። ምግብ ቤት የሚለው ታፔላው ነው። እኔ የምጠይቀው ጓደኛችሁ ደውሎ «የት ነህ?» ሲል የምትመልሱትን ነው።

እኛ ሰፈር በአብዛኛው «ማዘር ጋ» ነው። ባለቤቷ ገና 30 ዓመት ያልሞላት ብትሆንም ማዘር ናት፤ ድስቱን ከያዘች በቃ። ታፔላ ቢኖርም ማንም አያነበው። እንዲያውም እኔ የታዘብኩት ነገር አለ። ቤቱ ታፔላ ሲያወጣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

እስቲ የየሰፈራችሁን ወርውሩ።

ሸዋ በር፦
ላስቲክ ቤት። አለቀ ደቀቀ።

የጦሳ ልጅ፦
@ሸዋ በር እሱ እኮ ቤቱ ከተሠራበት ነገር የመጣ ስም ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነስ?

ሸዋ በር፦
ያኔማ አድጋለች። ሂሳብ ጨምሩ።

ሁለት እንጀራ፦
ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የተማረ ሰው ይህን ወሬ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ለማያውቁት ላስረዳ። ግቢ ውስጥ «ካፌ» ማለት ማኪያቶ የሚጠጣበት አይደለም። ተማሪው ተሰልፎ የሚበላበት አዳራሽ ነው። የካፌውን ምግብ ትቶ ብሩን በእጁ የሚቀበል ተማሪ ደግሞ «ነን ካፌ» ይባላል። ቤት መሆኑ ቀርቶ የሰው ስም ሆኗል፤ «እሱ እኮ ነን ካፌ ነው» ትላለህ። ነን ካፌ የሆነ ሁሉ ከግቢ ውጭ ካሉት ማዘሮች ከአንዷ ጋ በወር ተኮናትሮ ይበላል። መጀመሪያ አካባቢ ጥብስም ይታሰባል። ወሩ ሲጋመስ ብሩ የለም፣ ያለው ደብተሩ ነው።

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ጠርዙ በዘይት ወዝቷል፣ እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በክር ታስሯል። የማናችንም ስም በትክክል አልተጻፈበትም። «መነጽሩ»፣ «ረጅሙ»፣ «ቃሪያ የማይወደው»፣ «የመነጽሩ ጓደኛ»። እኔ ማን እንደነበርኩ ከዚህ ስሜ ታውቁታላችሁ። ስትከፍል መስመር ይሰመርብሃል፤ ግን መስመሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለው ሂሳብ ይነበባል። ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ነዋ። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ዱቤ ዛሬ የለም ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኛ ከወረቀቱ ሥር ተቀምጠን በዱቤ እንበላለን።

ስም ካላችሁ እኛ «ጓዳ» ነበር የምንለው። «ጓዳ እንሂድ» ካልክ ሁሉም ይገባዋል።

ጀለሱ፦
ጓዳ ስትል አስታወስከኝ። እኔ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው፣ ዘመዶቼ ወልድያ። «የእናት ጓዳ» የሚል ታፔላ አይቼ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ አገልግልና ሞሰብ፣ አስተናጋጁ ሸማ ለብሷል። ሽሮ አዘዝኩ። ሂሳቡ ሲመጣ ግን የእናት አልነበረም፤ የእንጀራ እናት ብትሆን ነው። አሁን አሁን ደሃው የሚጠራበትን ስም ሁሉ ሀብታሙ ወስዶ ታፔላ አድርጎታል። ጀበና ቡናን እዩት። በፊት መንገድ ዳር ረከቦት ዘርግታ የምትሸጠዋ ልጅ ነበረች፤ ማኪያቶ ያልቻለ ሰው እሷ ጋ ይቀመጣል። አሁን ትልልቁ ሆቴል ሁሉ መግቢያው ላይ ቄጠማ ጎዝጉዞ ጀበና አስቀምጧል፣ ሲኒው ያው ሲኒ ነው፣ ዋጋው ግን ሌላ።

ቀሪቦ፦
@ጀለሱ የእንጀራ እናቷ ገደለችኝ 😂

ኮምቦልቻ ፈረቃ፦
እኛ ጋ ትንሽ ይለያል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነች፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ በኋላ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ሰው የሚበላው በፈረቃ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ክበብ» ካለው ክበብ ይበላል፤ ክበብ ርካሽ ነው፣ ግን ማንም በንቀት አይጠራውም፣ መታወቂያ የሚያስጠይቅ ቦታ ስለሆነ መሰለኝ። ክበብ ያልደረሰው ውጭ ይበላል።

ውጭ ያሉትን የምንጠራቸው በሚሠሩት ነው። ፉል ቤት፣ ፍርፍር ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ ዓሣ ቤት። አንድ ነገር ብቻ አሳምራ የምትሠራ ከሆነች የምግቡ ስም የቤቱ ስም ይሆናል። ሁሉን ነገር የሚሠራ ቤት ግን ስም አያወጣም፣ «እዛ ጥጉ ጋ» ነው የሚባለው። እኔ የማምነው የመጀመሪያውን ነው። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰህ ጠዋት 12 ሰዓት ስትወጣ፣ ዓይንህ ቀልቶ፣ ፉሉ በትኩስ ዳቦ፣ ላዩ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎበት፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ሲመጣ ምንም ስም አትፈልግለትም።

አሰብ መንገድ፦
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ፣ ተሳቢ ስነዳ ነው የኖርኩት። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። እስከ 1990 ድረስ በዚያ አድርገን አሰብ እንገባ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጉዞው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሹፌር ምግብ ቤት የሚመርጠው በታፔላ አይደለም። ደጃፉ ላይ ስንት መኪና ቆሟል ብሎ ነው። መኪና ከሌለ፣ ወጡ የትናንት ነው ማለት ነው፤ አታቁም፣ እለፍ። መኪናው ከበዛ ደግሞ ሴትዮዋ ቶሎ ቶሎ ትሠራለች፣ ድስቱ አይቀዘቅዝም።

ስሙ ሁልጊዜ የሴትዮዋ ስም ነው። «ባቲ ስትደርስ እከሊት ጋ ግባ» ይባባላል ሹፌር ከሹፌር። ሴትዮዋ ቤት ብትቀይር ስሙ አብሯት ይሄዳል፤ ቤቱን የተከራየው ሰው ታፔላ ቢሰቅል ደንበኛው የለም። ባቲ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ግን ሰኞን ተጠንቀቁ። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይወጣል፣ ከደጋው እህል ጭኖ የሚወርደው ይወርዳል፣ ምሳ ሰዓት ላይ መቀመጫ የለም። ቀድሞ የገባ በላ። ደግሞ ምክር ልስጣችሁ፤ ርካሽ ቤት ስትፈልጉ ሹፌሩን ሳይሆን ረዳቱን ጠይቁ። ሹፌሩ ሲጋበዝ ነው የኖረው፣ ረዳቱ በኪሱ ነው የበላው።

ሁለት እንጀራ፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። ረዳቱን ጠይቁ የሚለውን ጽፌ ይዣለሁ።

የሐይቋ፦
ወሬው ደስ ይላል። ግን «ላስቲክ ቤት» ስትሉ ትንሽ ቀስ በሉ።

እናቴ ሐይቅ ከተማ ላይ ሸራ ወጥራ ዓሣ እየጠበሰች ነው ያሳደገችን። ደንበኞቿ እሷ ፊት አንድም ቀን ላስቲክ ቤት ብለው አያውቁም። «እትዬ ጋ» ነው የሚሉት፤ አንዳንዱም «እናታለም» ይላታል። ዞር ሲሉ ነው ስሙ የሚቀየረው። እኔ ትምህርት ቤት «የላስቲክ ቤቷ ልጅ» ነበርኩ፣ አሁንም ቃሉን ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

ሥራውን ግን ላሳያችሁ። ቆሮሶው ማለዳ ከሐይቁ እንደወጣ ይገዛል። ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ትፍቀዋለች፤ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ፀጉሯ ላይ ሁሉ ያርፋል። ሆዱን ታጸዳለች፣ ግራና ቀኙን ሰንጠቅ ሰንጠቅ ታደርገዋለች፣ ጨው ይገባበታል። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ አትከተውም፤ መጀመሪያ የሽንኩርት ቁራጭ ጣል አድርጋ ትሰማዋለች፣ አዎ ትሰማዋለች፣ አታየውም። ጭራው ደርቆ ኩርምት ሲል ታወጣለች። አዋዜ፣ ሎሚ፣ ዳቦ። ለእጅ መታጠቢያ ኦሞ በሃይላንድ በጥብጣ፣ ክዳኑን በሚስማር በስታ፣ ቧንቧ ከተገጠመለት ቢጫ ጀሪካን ጎን ታንጠለጥላለች። መንገድ ሲሰፋ ሸራው ተነሳ፣ አሁን ቤት ተከራይታ ነው የምትሠራው። ዋጋው ጨምሯል፣ መቼም ኪራዩን ደንበኛው ነው የሚከፍለው።

ሸዋ በር፦
@የሐይቋ እህቴ አብሽሪ፣ ወላሂ ለንቀት አይደለም። እኔ ግን ቃሉን አልለቅም። እኛ ሰፈር ላስቲክ ቤት ማለት «ብር ባይኖርህም ግባ» ማለት ነው። በ2014 ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ቀድመው እሳት ያነደዱት ትልልቆቹ ቤቶች አልነበሩም። ሸራ የወጠሩት ናቸው፤ የሚፈርስ የላቸው፣ የሚጠገን የላቸው፣ ድስት ጥደው ጀመሩ።

የሐይቋ፦
እሱስ እውነት ነው። አንተ ስትለው ይሁን። በመኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚለው ሲሆን ነው የሚያመኝ።

ቀሪቦ፦
እኔን የሚያስቀኝ ታፔላ ላይ ያሉት ቃላት ናቸው። «ቡና ቤት» ገብታችሁ ቡና ጠይቁ እስቲ፤ ያለው ቢራ ነው። «ግሮሰሪ» ውስጥ ሩዝና ዘይት የለም፤ ድራፍትና ደብል ጂን ነው። «ሆቴል» አልጋ የለውም፤ አባቶቻችን «ሆቴል በላሁ» ሲሉ ቅቅል በላሁ ማለታቸው ነው። «ልኳንዳ»ን ተመልከቱ። ጣሊያኖች ሎካንዳ የሚሉት እንግዳ የሚያድርበትን ቤት ነው፣ ቱርኮች ሎካንታ የሚሉት ምግብ ቤት ነው፣ እኛ ጋ ሲደርስ በሬ ተሰቅሎበታል።

አክስቴ ደሴ ነው ያለችው። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ «ቡና ቤት ነኝ» ስትል ሰማቻት። ልጅቷ ጀበና ቡና እየጠጣች ነው። አክስቴ ግን በሷ ዘመን ቡና ቤት ማለት ምን እንደነበር ታውቃለችና ራሷን ይዛ ጮኸች፣ የዱዓ ወዳጃ ልታስቀምጥላት ነበር። አሁን ልጅቷ «ጀበና ጋ ነኝ» ነው የምትለው።

ደግሞ የወሎ ሰው ሆናችሁ አይጠየፍን እንዴት ረሳችሁት? በ1906 ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል ደሴ ላይ ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ማንም ገብቶ ቢበላ የማይጠየፍ ማለት ነው። ለርካሽ ቤት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ታመጣላችሁ?

የጦሳ ልጅ፦
አይጠየፍ! ይኼ አሸነፈ። «የት ነህ?» «አይጠየፍ»።

ኮምቦልቻ ፈረቃ፦
ግብሩ ላይ እኮ ማዕረግ ነበር፣ መኳንንቱ ፊት፣ ጭፍራው ኋላ። እኛ ሽሮ ቤት ሥራ አስኪያጁም ዱካ ላይ ነው።

ቀሪቦ፦
ልክ ነህ፣ ግን ሁሉም ይገባ ነበር። ስሙን ለመዋስ ይበቃኛል።

ከዲሲ፦
ከሩቅ ነው የምጽፈው፣ ደሴ ነው ያደግኩት። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ቤት «ግሪዚ ስፑን» ይሉታል። ቅባታም ማንኪያ ማለት ነው፤ ማንኪያው ታጥቦ እንኳን ቅባቱ ያልለቀቀ። ስድብ ይመስላል አይደል? ሰው ግን እየወደደ ነው የሚለው። እንቁላል፣ የተጠበሰ ድንች፣ ሳትጠይቅ የሚሞላልህ ቀጭን ቡና። አስተናጋጇ «ሃኒ» ትልሃለች፣ ልክ እንደኛ «የኔ ዓለም»። እንግሊዞች ደግሞ ካፌን ቆርጠው «ካፍ» ይላሉ፤ «ካፍ» ሲሉ የሠራተኛው፣ የሹፌሩ ቤት ነው፤ «ካፌ» ሲሉ ከፍ ያለው ነው። አንዲት ድምፅ ስትጎድል ዋጋው ይቀንሳል።

ናይሮቢ ያለሁ፦
እዚህ ኬንያ «ኪባንዳ» ነው የሚሉት፤ ትንሽ ዳስ እንደማለት ነው። ማለትም @ሸዋ በር የኛ ላስቲክ ቤት ነው። ከሁሉም ደስ የሚለው ግን የናይጄሪያዎቹ ነው፤ «ማማ ፑት» ይሉታል። ደንበኛው ሳህኑን ይዞ «እማዬ አድርጊበት» ሲል የመጣ ስም ነው። ታንዛኒያ ደግሞ «ማማ ንቲሊዬ» ይላሉ፣ እሱም «እማዬ ለኔም አድርጊልኝ» ነው። እነዚህ አገሮች ተጠራርተው አይደለም እኮ። አንዱ በምዕራብ ሌላው በምሥራቅ።

የጦሳ ልጅ፦
ኧረ ተው! ይኼማ የኛው «ማዘር ጨምሪ» ነው። አየህ፣ ስሙ ከሴትዮዋና ከጭማሪው ነው የሚመጣው።

ሁለት እንጀራ፦
ጭማሪ ከተነሳ ሕጉን እኔ ልናገር፣ ማዕረጌ ይፈቅድልኛል። እንጀራ ስታስጨምር ይቆጠርብሃል። ወጥ ግን በዝምድና ነው። አዲስ ደንበኛ ከሆንክ «ማባያ» ስትል ልጅቷ ወደ ማዘር ታያለች። ማዘር በቅንድቧ ከፈቀደች ጭልፋው ይመጣል። የቆየህ ከሆንክ ሳትጠይቅ ይደፋልሃል፣ «ብላ እንጂ ከስተሃል» ተብለህ። ሦስተኛ ጊዜ ከጠየቅህ ግን ያለህ ፈጣሪ ብቻ ነው። በአንድ ሽሮ ለሁለት የምትበሉ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ተናገሩ። ደብቃችሁ ስትጀምሩ ስትያዙ ነው የሚያሳፍረው።

ሰኞ ገበያ፦
አንድ ያልተነሳ ነገር። ወሎ ላይ ሥጋ የሚሸጥ ቤት ሁሉ መስቀል ወይ ጨረቃ ደጃፉ ላይ ያደርጋል፣ ሰው አይቶ ይገባል። ሽሮ ቤት ግን ምልክት የለውም። ለምን ቢባል ሥጋ የለውማ። ሽሮና ምስር የማንም ነው። እኔና አብሮ አደጌ፣ እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን፣ ዕድሜ ልካችንን አብረን የበላነው ሽሮ ቤት ነው፤ ብር ሲኖረን ነው የምንለያየው። ረመዳን ላይ ደግሞ ያችው ማዘር ለማፍጠሪያ ሾርባና ሳንቡሳ ትጨምራለች፣ ቤቱ ማታ ማታ ይሞላል። ያኔ ስሙ «ሾርባ ጋ» ይሆናል፣ አንድ ወር ብቻ።

ቀሪቦ፦
በብር መለያየት የሚለው ልክ ነው ወላሂ። ደግሞ ቡናውን ረሳኸው። ማዕድ ከተነሳ በኋላ ጎን ያለችው ባለ ጀበና «ጀባ» ስትልህ የማን ቤት እንደሆነ እንኳን አትጠይቅም።

የጦሳ ልጅ፦
እስካሁን የመጡት እንግዲህ ማዘር ጋ፣ ላስቲክ ቤት፣ ጓዳ፣ እትዬ ጋ፣ ሽሮ ቤት፣ አይጠየፍ። የወልድያና የመርሳ ሰዎች የታላችሁ? የላሊበላ ልጆችስ? ቱሪስት ሳይሆን እናንተ የምትበሉበትን ነው የምንጠይቀው።

ከዲሲ፦
እነሱ እስኪመጡ እኔ ልጠይቅ። ለበዓል እመጣለሁ። መናኸሪያ አካባቢ የነበሩት ተጋቢኖ ቤቶች አሉ? ሰፈሩ ተቀያይሯል ይሉኛል።

ሸዋ በር፦
አሉ፣ ቦታ ቀይረዋል እንጂ። ስትመጣ ጻፍልኝ፣ እወስድሃለሁ። ካርድ አይቀበሉም፣ ዝርዝር ብር ያዝ። በዋዜማው ከሆነ ደግሞ ከ6 ሰዓት በፊት ድረስ፣ ድስቱ ቶሎ ያልቃል።

ሁለት እንጀራ፦
@ከዲሲ ለብቻህ አትሂድ፣ ዲያስፖራ መሆንህን ካወቁ ሜኑ ያመጣሉ።